በየወቅቱ ወደ ላይ የሚወጣውን ጊንጥ እንዴት እንቁጠር? የትኛው ዘዴ ለየትኛው መሬት

መተሐራ አካባቢ፣ ከፈንታሌ ተራራ ፈስሶ በደረቀው ጥቁር ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት አብርታችሁ ብትቆሙ መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ከአንዱ ስንጥቅ አፍ ላይ አረንጓዴ ነገር ቦግ ይላል። ጠጋ ስትሉ መቆንጠጫው፣ ስምንቱ እግሮቹ፣ ወደ ጀርባው የተቆለመመው ጅራቱ አንድ በአንድ ይለያሉ። ያን ያየ ሰው ሥራውን ይወደዋል፤ እኔንም የያዘኝ እሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ፣ ደብተር ላይ «ትናንት ማታ ሰባት ጊንጥ» ብለን ከጻፍን በኋላ ነው። ሰባቱ የምን ሰባት ናቸው? የቦታው ጊንጥ ሁሉ? በዚያች ሌሊት የወጣው? ወይስ ከወጣው ውስጥ እኛ ያየነው ብቻ?

የጊንጥን የወቅት እንቅስቃሴ ማጥናት የሚፈልግ ተመራቂ ተማሪ ወይም የባዮሎጂ መምህር ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ «የትኛው ዘዴ ይሻላል?» ብሎ ነው። መልሱ በመሬቱና በጥያቄው ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ዘዴዎቹን እያነጻጸርኩ የምመርጠውን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የምትጠይቁትን ለዩ

ጊንጥ ወደ ላይ የሚወጣው ለምግብ፣ ለመራባት ወይም የተሻለ መጠለያ ለመፈለግ ነው። ያለ ምግብ ወራት መቆየት ስለሚችል በየሌሊቱ የመውጣት ግዴታ የለበትም። ብዙዎቹ የበረሃ ጊንጦች ከዕድሜያቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን በጎሬያቸው ውስጥ ያሳልፋሉ። ስለዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ ቁጥር ውስጥ ተደባልቀው ይመጡባችኋል፦ በቦታው ስንት ጊንጥ አለ፣ ካለው ስንቱ ወጣ፣ ከወጣው ስንቱን አየን። የወቅት ጥናት የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። አንደኛውንና ሦስተኛውን ሳይለይ የቀረ ጥናት ግን ዓመት ሙሉ ተደክሞበትም መልስ አይሰጥም።

ይህን በደንብ ካሳዩት አንዱ አሜሪካዊው የጊንጥ ተመራማሪ ጋሪ ፖሊስ ነው። በካሊፎርኒያ ኮቸላ ሸለቆ አሸዋማ መሬት ላይ አንድን የአሸዋ ጊንጥ ዝርያ ለዓመታት በሌሊት ተከታተለ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የዚያ ዝርያ ወደ ላይ መውጣት በወቅትና በዕድሜ እንደሚለያይ አሳየ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይበላሉ፤ ትንንሾቹም ትልልቆቹ በማይበዙበት ጊዜ ይበልጥ ይታያሉ። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው፦ ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ዓምድ ደምራችሁ ከጻፋችሁ፣ የአንዱ መጨመር የሌላውን መቀነስ ይሸፍነዋል፤ ዓመቱ ሁሉ አንድ ዓይነት መስሎ ይታያችኋል። ቢያንስ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ ብላችሁ ለዩ።

ሌላው ነገር ወቅቱ ራሱ ነው። የውጭ ጥናቶችን አንብቦ ዓመቱን «ሞቃት» እና «ቀዝቃዛ» ብሎ የሚከፍል ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ያ ክፍፍል ትክክል ነው፤ ክረምታቸው ብርድ ነው፣ በዚያ ላይ የሌሊቱ ርዝመት በዓመት ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ይለዋወጣል። አዋሽ ሸለቆ ላይ ግን የሌሊቱ ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው፤ ዓመቱን በዋናነት የሚከፍለው ዝናብ ነው። በጋ፣ በልግ፣ በሰኔ ክረምቱን የሚቀድመው ሙቀት፣ ክረምት፣ ከዚያ ሣሩ ያደገበት መስከረምና ጥቅምት። ጥናታችሁ በእነዚህ ላይ ይቆም።

የዩቪ መብራት

የጊንጥ ቅርፊት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር እንደሚያበራ የታወቀው በ1950ዎቹ ነው። በእጅ የሚያዝ መብራት ከመጣ በኋላ የጊንጥ ጥናት ሌላ ሥራ ሆነ፤ ቀን ድንጋይ ስናገላብጥ «ብርቅ» ያልናቸው ዝርያዎች ሌሊት ሞልተው ተገኙ። ወደ ላይ የወጣውን በቀጥታ የሚያሳይ፣ እንስሳውን የማይገድል፣ ቦታውን የማያፈርስ ዘዴ ይህ ነው። ለወቅት ጥናት አንድ ዘዴ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

መብራቱ ላይ አትሳሳቱ። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ርካሹ መብራት የብርሃን ሞገዱ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 395 ናኖሜትር ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ሐምራዊ ብርሃኑ ራሱ ዓይን ይሞላል፣ በተለይ ፈዛዛ ድንጋይና አሸዋ ላይ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ጊንጡን ይሸፍነዋል። 365 ናኖሜትር የሆነው፣ ጥቁር ማጣሪያ መስታወት ያለው ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ጊንጡን ከሩቅ ለይቶ ያወጣል። ከሁሉ የሚብሰው በመንገድ ላይ መብራት መቀየር ነው። በጥር በአንዱ፣ በሐምሌ በሌላው ከቆጠራችሁ ያነጻጸራችሁት መብራቶቹን ነው። ባትሪ ሲደክምም እንዲሁ፤ በእያንዳንዱ ማታ ሙሉ በሙሉ በተሞላ ባትሪ ጀምሩ።

የሚያበራ ሁሉ ጊንጥ አይደለም። ወረቀት ያበራል፤ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጠላማ ሰማያዊ ሆኖ ዓይን ያጥበረብራል፤ ጓደኛችሁ ነጭ ልብስ ለብሶ ከፊታችሁ አይሂድ። ጊንጥ የጣለው አሮጌ ቅርፊት እንደ ጊንጡ ስለሚያበራ ነፍስ ያለው መሆኑን ሳታዩ አትቁጠሩ። በተቃራኒው ቅርፊቱን ገና የገፈፈ ጊንጥ አዲሱ ቆዳ እስኪጠነክር ድረስ እምብዛም አያበራም። ደግሞም ጊንጡ ዩቪን ያያል፤ ብርሃኑን ላዩ ላይ ካቆያችሁበት ሊሸሽ ይችላል። አብሩ፣ ቁጠሩ፣ እለፉ።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልግባ፤ ሣር። በበጋ ባዶ የነበረው መሬት ከክረምት በኋላ እስከ ጉልበት ሣር ይለብሳል። ጊንጡ ከሣሩ ሥር ነው፤ ብርሃኑ አይደርስበትም። በመስከረም ቁጥሩ ሲወርድ «ጊንጥ ከዝናብ በኋላ አይወጣም» ብሎ የሚጽፍ ሰው የጻፈው ስለ ሣሩ ነው። ይህን የምለይበት ቀላል መንገድ አለኝ። ሃያ ፍሬ ባቄላ በዩቪ የሚያበራ ቀለም እቀባለሁ። ጓደኛዬ ቀን ላይ፣ እኔ ሳላይ፣ በመቆጠሪያው ቦታ ይበትናቸዋል። ማታ እንደ ሁልጊዜው እየሄድኩ ስንቱን እንዳገኘሁ እመዘግባለሁ፤ ሲነጋ ሃያውም ተቆጥሮ ይለቀማል። በየካቲት አብዛኛውን አግኝቼ በመስከረም ግማሹን ካጣሁ፣ የመስከረሙን የጊንጥ ቁጥር በዚያ ዓይን ማንበብ አለብኝ። ባቄላ አይራመድም፣ ስንጥቅ ውስጥም አይገባም፤ ስለዚህ ፍጹም መለኪያ አይሆንም። የሣሩን ተጽዕኖ ለመያዝ ግን ይበቃል።

አንድ ስህተት ደግሞ ራሴ ሠርቼ ወራት ከስሬበታለሁ። ሁልጊዜ ከወንዙ አሸዋ ጀምሬ ድንጋዩ ላይ እጨርስ ነበር፤ መኪናው የሚቆመው እዚያ ስለሆነ ብቻ። ብዙ ጊንጦች በብዛት የሚታዩት ከጨለመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው፤ አሸዋው ሁልጊዜ ጥሩውን ሰዓት ያገኛል፣ ድንጋዩ የተረፈውን። ሁለቱ መኖሪያዎች ተለያዩ ያልኩት የሰዓት ልዩነት ሆኖ ተገኘ። ቅደም ተከተሉን በየማታው አቀያይሩ፤ ወይም ሁለት ቡድን ካላችሁ በአንድ ሰዓት ጀምሩ።

ጨረቃንም አትርሱ። በብዙ ዝርያዎች ላይ ሙሉ ጨረቃ በሆነበት ሌሊት የሚወጣው ይቀንሳል፤ በሁሉም ላይ ግን አይደለም። በየወሩ ጨለማ በሆኑት ሌሊቶች ብቻ መቁጠር ቀላሉ መንገድ ነው። ቀኑን ለማወቅ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ቆጠራ፣ የጨረቃዋን ዕድሜ የሚያሰላ ሰው ወይም የእስልምናውን የወር መባቻ የሚከታተል ጎረቤት ከስልክ መተግበሪያ አያንስም።

የጉድጓድ ወጥመድ

ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ዕቃ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ አፉ ከመሬቱ እኩል ወይም በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ጫፉ ለትንሽ እንኳ ከፍ ካለ ጊንጡ ዞሮት ይሄዳል። ከታች ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ፣ ከውስጥ መጠለያ የሚሆን ቅጠልና ቁራጭ ሸክላ፣ ከላይ በጠጠሮች ላይ የቆመ ጥላ ያስፈልገዋል።

የወጥመድ ጥቅሙ ሰው ተኝቶም መሥራቱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይቆጥራል፣ የቆጣሪው ዓይን ብርታትና ድካም አይነካውም፣ ሣር ውስጥም ይሠራል። መስከረም ላይ መብራቱ ያጣውን አንዳንዴ ወጥመዱ ያገኘዋል። ጉዳቱ ደግሞ የሚቆጥረው የሚራመደውን ብቻ መሆኑ ነው። በመራቢያ ጊዜ ሴት ፍለጋ የሚዞረው ወንድ ደጋግሞ ይገባል፤ ጎሬዋ አፍ ላይ ቁጭ ብላ የምታደባው ሴት ግን ወጥታም አትገባም። በወጥመድ ብቻ የተሠራ ጥናት ስለዚህ የወንዶችን የጉዞ ወቅት የጊንጡ ሁሉ ወቅት አድርጎ ያቀርበዋል። ጥያቄያችሁ «ወንዱ መቼ ይዞራል?» ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

መሬቱም ይወስናል። የፈንታሌን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በዶማ የሚቆፍር የለም፤ እዚያ ወጥመድ አይታሰብም። ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ሲያብጥ ዕቃውን ይገፈትረዋል፣ በበጋ ሲሰነጠቅ ዙሪያው ይከፈትና ጊንጡ በስንጥቁ ያልፋል። አሸዋ ላይ ነፋስ ይሞላዋል። የሚመቸው ጠንከር ያለ፣ ውኃ የማያቁር የግራር ሜዳ ነው። በማትቆጥሩበት ቀን በክዳን ዝጉት፤ የፍየል ግልገል እግር ሲገባበት ጥናታችሁ ከእረኞቹ ጋር ያበቃል። በምትቆጥሩበት ቀን ደግሞ ጧት 12 ሰዓት ላይ ደርሳችሁ አውጡ። ከረፈደ ፀሐይ ይገድላቸዋል፤ ሁለት ከገቡም ትልቁ ትንሹን በልቶ ታገኙታላችሁ።

ድንጋይ ማገላበጥ

ቀን የሚሠራ ነው፤ መብራት አይጠይቅም። ነገር ግን ድንጋይ ሥር የተገኘ ጊንጥ አርፎ የተገኘ እንጂ ወጥቶ የታየ አይደለምና ይህ የእንቅስቃሴ መለኪያ አይሆንም። እኔ የምጠቀምበት ከመብራቱ ጎን ነው። በዚያው ተዳፋት ማታ በመብራት ባዶ፣ ቀን በድንጋይ ሥር ሙሉ ከሆነ፣ «አሉ፣ አልወጡም» ብዬ በልበ ሙሉነት እጽፋለሁ። ያለዚያ ባዶ ሌሊት ምን ማለት እንደሆነ አይታወቅም።

ማታው በሚቀዘቅዝበት ደጋ ላይ ለቅኝት ይኸኛው ይቀድማል። ድንጋዩን ወደ ራሳችሁ ጎትቱት፤ በእናንተና በሥሩ ባለው መካከል ጋሻ ይሆናል። ከዚያ እንደነበረ፣ በነበረበት አፈር ላይ መልሱት። የተገለበጠ ድንጋይ ሥሩ ይደርቃል፣ ለብዙ ጊዜም ማንም አይጠጋውም። በየወሩ ያንኑ ድንጋይ የምታነሡ ከሆነ መኖሪያውን እያፈረሳችሁ መቀነሱን እየመዘገባችሁ ነው፤ በዓመት ሁለቴ፣ ግፋ ቢል ሦስቴ ይበቃል።

ጎሬ መከታተል

ጥልቅ ጎሬ ለሚቆፍሩ ትልልቅ ጊንጦች፣ እንደ ፓንዲኑስ ወገኖች ላሉት፣ ከመብራት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። የጎሬው አፍ ጠፍጣፋ ነው፤ ከታች ቀጥ፣ ከላይ ጎበጥ ያለ፣ የጊንጡን ቅርጽ የያዘ። የአይጥ ጉድጓድ ክብ ስለሆነ አይምታታም። ማታ ቀጭን ጭራሮ አፉ ላይ ቀስ ብላችሁ አጋድሙ፤ ጧት ከወደቀ አንድ ነገር ገብቷል ወይም ወጥቷል። ጊንጡ ብቻ ላይሆን ይችላልና በቁጥር የተለጠፈ እንጨት አቁማችሁ ለብዙ ሌሊቶች ተከታተሉት። አፉ ላይ የተጣለ አዲስ እርጥብ አፈርም ከዝናብ በኋላ መቆፈሩን ይነግራል። ትልቁ ጥቅሙ ያልወጡትንም መቁጠሩ ነው፤ ከሃምሳ ጎሬ ስንቱ ተንቀሳቀሰ ማለት ትችላላችሁ፤ ይህን የሚሰጥ ሌላ ቀላል ዘዴ የለም።

ቀለም መቀባትና የጤና ጣቢያ መዝገብ

ጀርባው ላይ በዩቪ የሚያበራ የቀለም ነጥብ አድርጎ መልቀቅና እንደገና መፈለግ የጋሪ ፖሊስ መንገድ ነው። አካለ መጠን የደረሰ ጊንጥ ቅርፊት ስለማይቀይር ቀለሙ ይቆያል፤ ትንሹ ግን ቅርፊቱን ሲጥል ቀለሙንም ይጥለዋል። አድካሚ ነው፣ መያዝን ይጠይቃል፤ ረጅም ወረንጦ የለመደ ሰው ከሌላችሁ ለመጀመሪያ ዓመት አልመክረውም።

የተነደፉ ሰዎችን መዝገብ ከጤና ጣቢያ ወስዶ የጊንጥ ወቅት ብሎ ማቅረብ ግን አይሆንም። አዝመራ ሲሰበሰብና ነዶ ሲሸከሙ፣ በሙቀት ደጅ ሲተኙ የሰው እንቅስቃሴም አብሮ ይለወጣል። መዝገቡ ለሕክምና ዝግጅት ትልቅ ዋጋ አለው፤ ለዚያ ይዋል።

በየመሬቱ ብመርጥ

ለጥቁሩ ድንጋይ መብራት ብቻ። አረማመዳችሁን ቀስ አድርጉ፤ ስንጥቆቹን ከሁለት አቅጣጫ አብሩባቸው፣ ከአንድ ወገን ብቻ ካያችሁ ግማሹ ያመልጣል። ለወንዝ አሸዋም መብራት፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ መስመራችሁ ስለሚጠፋ ከጎርፍ በላይ ሌላ መስመር ከወዲሁ አዘጋጁ። አዋሽ ፓርክ ውስጥ ላለው ለኢላላ ሳላ ዓይነት ሣራማ ሜዳ መብራትና ወጥመድ አንድ ላይ፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወጥመዱን ይበልጥ እመኑ። ለግራር ጫካ መብራት፤ ግን ቀና በሉ። ቅርፊት ሥር የሚኖሩ ጊንጦች ግንድ ላይ ናቸው፣ ብዙ ቆጣሪ ደግሞ መሬት መሬቱን ብቻ ያያል። ለግቢና ለካብ መብራት፤ ከቤቱ ባለቤት ጋር፣ ሕፃናት ከተኙ በኋላ።

በየትኛውም መሬት ላይ የሚመዘገበው አንድ ይሁን፦ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ሰዓት፣ የቆጣሪዎች ቁጥር፣ የመሬቱ ገጽ ሙቀትና አሥር ሴንቲሜትር ወደ ታች ያለው፣ እርጥበት፣ ነፋስ፣ ጨረቃ፣ የመጨረሻው ዝናብ ከስንት ቀን በፊት እንደጣለ፣ የሣሩ ቁመት። አንድም ጊንጥ ያልታየበት ማታ «0» ተብሎ ሙሉ መረጃው ይጻፍ። የዝምታ ሌሊቶች ከደብተር ሲጎድሉ ወቅቱ ሁሉ የሞላ ይመስላል።

ከመውጣታችሁ በፊት

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ፈቃድና ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ሳይዙ ሌሊት መንቀሳቀስ አይታሰብም፤ ጅቡም አንበሳውም የሚነቃው በጊንጡ ሰዓት ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ ብዙ ሰው ከቀዬው ተነስቷል፤ ከወረዳው አስተዳደር የወቅቱን ሁኔታ ሳትጠይቁ አትሂዱ። ናሙና ወደ ውጭ አገር መላክ ካሰባችሁ ስለ ጄኔቲክ ሀብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ይህን እንደ እንቅፋት አትዩት። በአፍሪካ ቀንድ ገና ያልተሰየሙ ዝርያዎች አሉ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ምድር የተገለጸ አንድ አዲስ ወገን የሳይንስ ስሙ ራሱ «ጊንጥ» ነው፣ ከአማርኛችን የተወሰደ። የማንነቱ መረጃ በአገሩ መዝገብ ውስጥ መጀመሪያ ሊገኝ ይገባዋል።

ለደኅንነት ደግሞ፦ ቀጭን መቆንጠጫና ወፍራም ጅራት ያለው ጊንጥ በአብዛኛው አደገኛው ነው፤ ሰፊ መቆንጠጫ ያለው ግዙፉ በአብዛኛው ያስፈራል እንጂ መርዙ ቀለል ይላል። ይህ ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ሁሉንም በወረንጦ ያዙ። ቡትስ ጫማ፣ ነጭ ብርሃን ያለው የግንባር ባትሪ፣ በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ስልክ። መብራቱን አጥፍታችሁ መሬት ላይ አትቀመጡ።

ገንዘባችሁ ትንሽ፣ ሰዋችሁ ሁለት፣ ጊዜያችሁ አንድ ዓመት ከሆነ እኔ የማደርገው ይህ ነው። አንድ 365 ናኖሜትር መብራትና ትርፍ ባትሪ እገዛለሁ። በሁለት መኖሪያ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቋሚ ቦታ በእንጨት ምልክት አደርጋለሁ። በየወሩ ጨረቃ በሌለባቸው ሦስት ሌሊቶች ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ቅደም ተከተሉን እየቀያየርኩ እቆጥራለሁ። በየካቲት፣ በግንቦትና በመስከረም ባቄላዬን እበትናለሁ፤ በእነዚያው ወራት ከመቆጠሪያው ቦታ ውጭ ባለ አንድ ተዳፋት ድንጋይ አነሣለሁ። ወጥመዱን ለሁለተኛው ዓመት አቆየዋለሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሣሩ የቱ ላይ እንደሚጋርደኝ ካወቅሁ በኋላ የት እንደምቀብረው ይገባኛል።